ሰውነቱ እየተጎዳ ውድድር አላቆምም ያለ አንጋፋ ሯጭ፦ «ይበቃሃል» የሚለው ማን ነው?

አባይ ማዶ (ደብረ ማርቆስ)

ይድረስ ለመድረኩ ታዳሚዎች በሙሉ። በሩጫ ያለፋችሁም ሆናችሁ በሕክምና ሙያ ያላችሁ ሰዎች ሐሳብ እንድትሰጡኝ የምሻው አንድ ጉዳይ አለ። ታላቅ ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሮጥ የኖረ፣ በክለብ ተቀጥሮ ብዙ ያገለገለ፣ ክለቡ ውሉን ሳያድስለት ከቀረ በኋላም በግሉ እየተለማመደ በጎዳና ላይ ሩጫዎች የሚወዳደር ሰው ነው። በመታወቂያው ላይ ያለው ዕድሜ 38 ቢሆንም እናታችን የምትቆጥረው ከዚያ ከፍ ይላል። የቀኝ እግሩ የተረከዝ ጅማት፣ ሯጮች አኪለስ የሚሉት፣ መታመም ከጀመረ ቆይቷል። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚራመደው፤ ጥቂት ከተንቀሳቀሰ በኋላ ግን ሕመሙ ስለሚለቀው ተሽሎኛል ብሎ ጫማውን አጥልቆ ይወጣል። ውድድር ሲቃረብ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ እየገዛ ይውጣል። ባለፈው ዓመት ደግሞ በአንድ የግል ክሊኒክ ጅማቱ አጠገብ መርፌ ተወግቶ፣ ለጥቂት ሳምንታት ምንም ሳያመው ከሮጠ በኋላ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። መርፌው ምን እንደነበረ አልተነገረውም፤ እርሱም አልጠየቀም።

እኔ ታናሹ ነኝ። ወንድምዓለም እያልኩ ያደግሁትን ሰው፣ ያውም በሩጫ ባገኘው ገንዘብ እኔን ያስተማረኝን፣ «ከእንግዲህ ይበቃሃል» ለማለት አፌ አልታዘዝ ብሎኛል። አባታችን በሕይወት ስለሌሉ የሚገሥጸው ሰውም የለም። ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ጉዳቱ እኔ እንደፈራሁት አሳሳቢ ነው ወይስ ሯጭ ሁሉ ተሸክሞት የሚኖረው ሕመም ነው? አሳሳቢ ከሆነስ ማን፣ በምን አኳኋን ሊነግረው ይገባል?


ሰዓት ያዥ (ፍኖተ ሰላም)

ለረጅም ዓመታት ወጣቶችን ሳሠለጥን የኖርኩ ሰው ነኝና፣ በመጀመሪያ ዕድሜን ብቻውን ጥፋተኛ እንዳናደርገው እለምናለሁ። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶንን ያሸነፈው በ36 ዓመቱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ የነሐስ ሜዳሊያ ሲያገኝ 40 ሞልቶት ነበር። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ2009 የኒው ዮርክ ማራቶንን ስታሸንፍ 37 ዓመቷ ነበር፤ ባርሴሎና ላይ ወርቅ ካጠለቀች 17 ዓመት አልፎ ማለት ነው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ሆኗል። ስለዚህ ወንድምዎ «እነርሱስ?» ብሎ ቢመልስልዎ አይደነቁ፤ እኔም ብሆን እንዲያው ነበር የምለው።

ነገር ግን ያው ቀነኒሳ ለንደን ላይ እንዲያ በሮጠ በወራት ውስጥ በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን 39ኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። ዕድሜው የገፋ ሯጭ አንድ ጥሩ ቀን ካሳለፈ በኋላ ቀጣዩ ጥሩ ቀን ይርቅበታል፤ በመካከሉ ያለውን ጊዜ ሰውነቱ ለማገገም ይፈልገዋል። ታላላቆቹ ይህን አውቀው በዓመት ሁለት ውድድር ብቻ ይመርጣሉ፤ የሚያክማቸው ባለሙያ፣ የሚያሻቸው ሰው፣ ልምምዱን የሚቀንስ አሠልጣኝ አላቸው። የእኛ ሯጭ ግን ሽልማቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ መወዳደር አለበት፤ አሠልጣኝም ስለሌለው የሚሠራው በ25 ዓመቱ የሠራውን ፕሮግራም ነው። ብዙ ጊዜ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ሯጩ የተሳካለትን ዓመት ልምምድ በልቡ ይዞ፣ ሰውነቱ ሌላ ሆኖ ሳለ፣ ያንኑ ዳገት በዚያው ሰዓት ካልወጣሁ ይላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የአገራችን ዋልካ አፈር እግር ስለሚይዝ፣ ሁሉም ከለስላሳው ሜዳ ወጥቶ አስፋልት ላይ ይሰለፋል፤ ለታመመ ጅማት ከዚያ የከፋ ወቅት የለም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ወንድምዎ በዓመት ስንት ጊዜ ይወዳደራል? ፕሮግራሙንስ የሚያወጣለት ማን ነው?


ባሕር ዳር ፊዚዮ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ታማሚውን ሳላይ ምርመራ ልሰጥ አልችልም፤ የገለጹት ግን በየሳምንቱ የማየው ዓይነት ስለሆነ ጥቂት ነገር ልበል።

«ከተሟሟቅሁ ይለቀኛል» የሚለው አነጋገር ብዙ ሯጭ የሚታለልበት ነው። ጠዋት የሚብስ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚቀል፣ ከሩጫው በኋላ ወይም በማግሥቱ ተመልሶ የሚመጣ ሕመም የተጎዳ ጅማት ዋና ምልክት ነው እንጂ የመዳን ምልክት አይደለም። የተረከዝ ጅማት በሩጫ ጊዜ ከሰውነት ክብደት ከስድስት እስከ ስምንት እጥፍ የሚደርስ ጫና ይሸከማል። ከተረከዙ ጥቂት ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ያለው ክፍሉ የደም አቅርቦቱ አነስተኛ ነው፤ የውስጠኛው የጅማቱ አካልም ሰው ዕድገቱን ከጨረሰ በኋላ ብዙም አይታደስም። ጡንቻ በቀናት ውስጥ የሚጠግነውን ጉዳት ጅማት በወራት ነው የሚጠግነው። በወጣትነት ሳምንት አርፎ የሚመለስ ሰው፣ በአርባዎቹ ያንኑ ሳምንት አርፎ ሲመለስ ጅማቱ ገና ሥራውን አልጀመረም።

ይበልጥ ያሳሰበኝ መርፌው ነው። ምን እንደሆነ ሳይነገር ጅማት አጠገብ የተወጋና ለሳምንታት ሕመምን ያጠፋ መርፌ፣ ኮርቲዞን ወይም ከእርሱ ጋር የሚመደብ ስቴሮይድ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ይህ መድኃኒት ሕመምን ፈጥኖ ያስታግሣል፤ ሆኖም ጅማቱን ሊያዳክመው ስለሚችል፣ ሯጩ ምንም ሳያመው በሙሉ ኃይሉ በሚሮጥበት በዚያው ሰሞን ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል። ለተወዳዳሪ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በየትኛውም መንገድ በመርፌ የሚሰጥ የዚህ ዓይነት መድኃኒት በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው። ወንድምዎ ምን እንደተወጋ ሳያውቅ ቢመረመርና ቢገኝበት፣ «አላውቅም ነበር» ማለቱ አያድነውም።

ዲክሎፌናክን በተመለከተ፣ የሚሰውረው ሕመሙን ብቻ ነው፤ ጫናው ያው ነው። በተጨማሪም ፈሳሽ ባጣ ሰውነት ላይ ረጅም ርቀት እየሮጡ መውሰድ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ጨጓራውንም እንዲሁ። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ማንም ስለማይጠይቅ እኔው ላንሣው። ሆድ ሲታመም ወይም ሽንት ሲያቃጥል ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገዛው ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሰዎች ሲፕሮ የሚሉት፣ የተረከዝ ጅማትን ሊያስቆጣና ሊያስበጥስ እንደሚችል በግልጽ የታወቀ መድኃኒት ነው። አደጋው ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ላይና ከስቴሮይድ ጋር ሲደረብ ይጨምራል። የታመመ አኪለስ ያለበት ሯጭ ለተቅማጥ ሲፕሮ ከመዋጡ በፊት ለሐኪሙ ሊናገር ይገባል።

የመጀመሪያ ጥያቄዎን በአጭሩ ልመልስ፤ አዎን፣ አሳሳቢ ነው፤ ተስፋ የሚያስቆርጥ ግን አይደለም።


የቢቸናዋ

እኔ ሯጭ ነበርኩ። የባለሙያውን ቃል ሳነብ ሁሉም ልክ ነው አልኩ፤ ግን ሯጩ ይህን ስለማያውቅ አይደለም የማያቆመው። ብዙዎቻችን እናውቃለን።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በሯጩ ዙሪያ ካለው ሰው ውስጥ «አቁም» ለማለት ምክንያት ያለው ማን ነው? ማናጀሩ ከሽልማቱ ድርሻ አለው። ክለቡ ነጥብ ይፈልጋል፤ ነጥብ ማምጣት ያቆመውን ደግሞ ውሉ ሲያልቅ ያሰናብተዋል እንጂ ቀድሞ ጠርቶ «ቀጣዩን ሕይወትህን እንነጋገር» አይለውም። ቤተሰብ ከእርሱ ይጠብቃል፤ ወንድም ይማርበታል፣ ቆርቆሮ ይገዛበታል፣ ተዝካር ይወጣበታል። ሯጩም ቢሆን ከሩጫ ሌላ የሚያውቀው ሙያ ስለሌለ፣ ትምህርቱንም ከስምንተኛ ወይም ከዐሥረኛ ክፍል አቋርጦ ስለወጣ፣ ማቆም ለእርሱ ሥራ ከማጣት በላይ ነው። በሰፈራችን ሰው ስሜን ትቶ «ሯጯ» እያለ ነበር የሚጠራኝ፤ ስታቆም የሚጠሩህ በምን ብለው ነው?

የዕድሜውም ነገር ቀላል አይደለም። ወረቀቱ 38 የሚለው ሰው እውነተኛ ዕድሜው 42 ከሆነ፣ አሠልጣኙም ሐኪሙም ፕሮግራም የሚያወጡለት ለሌላ ሰው ነው። ይህ የዛሬ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምሩጽ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ሲወስድ ዓለም ከሩጫው እኩል ሲያወራ የነበረው ስለ ዕድሜው ነበር። ሯጩ እውነቱን ለሐኪሙ ለመናገር ይፈራል፣ ወሬው ወደ ፌዴሬሽን ይሄድብኛል ብሎ። ስለዚህ ለወንድምዎ የሚያክመው ሰው ማወቅ ያለበት የመጀመሪያ ነገር እናታችሁ የምትቆጥረው ቁጥር ነው።

እኔ ያቆምኩት በቅልጥሜ አጥንት ላይ ስንጥቅ ወጥቶ ነው። ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር፤ ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመጀመሪያ ደረጃ የአሠልጣኝነት ሥልጠና ወስጄ ሕፃናት ይዤ መሮጤ ነው። ያ ባይገኝ ኖሮ ስንጥቁ እንደጠገነ እመለስ ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ።


ጮቄ ሥር

በአክብሮት እቃወማለሁ። እዚህ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑን ብረዳም፣ አንድ ጎልማሳ በገዛ አካሉ ላይ የሚወስነውን ውሳኔ ሌሎች ተሰብስበው እንዲወስኑለት የሚጋብዝ ይመስላል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 ኒው ዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት ውድድሩን አቋርጦ ከወጣ በኋላ ሩጫ በቃኝ አለ፤ ጋዜጣው ሁሉ የስንብት ጽሑፍ ጻፈ፤ እርሱ ግን ቀናት ሳያልፉ ሐሳቡን ለውጦ ተመለሰ። ከውድድር ተሰናበትኩ ያለው እ.ኤ.አ. በ2015 ማንቸስተር ላይ ነው። ያን ጊዜ ሰዎችን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ የአምስት ዓመት ሩጫ ይቀርበት ነበር።

ደግሞስ ማን ነው የሚጎዳው? ገበሬው ወገቡ እየታመመ ያርሳል፤ ሸክም አውራጁ ጉልበቱ እያበጠ ይሸከማል፤ ማንም መድረክ ከፍቶ አይወያይበትም። ሯጭ ሲሆን ብቻ ነው ሁላችንም ሐኪም የምንሆነው። ወንድሙ ያስተማረውን ሰው «ይበቃሃል» ማለት፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ ምክር ከመሆኑ በፊት ክህደት ይመስላል።


ባሕር ዳር ፊዚዮ

የኃይሌን ምሳሌ ማንሣትዎ ጥሩ ነው፤ ግን ሙሉውን እናንሣው። ከሲድኒ ኦሊምፒክ ድል በኋላ፣ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ከቀደመበት ከዚያ ሩጫ በኋላ፣ የተረከዝ ጅማቱን ቀዶ ሕክምና አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ ያው ጅማት አስቸግሮት በ10,000 ሜትር አምስተኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። ከዚያ ያደረገው ግን በዚያው ርቀት መታገልን አልነበረም፤ ከትራክ ወጥቶ ወደ ማራቶን ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በርሊን ላይ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በማግሥቱ ዓመትም 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገባ። የእርሱ አለማቆም ውስጥ ቀዶ ሐኪም፣ ማገገሚያ፣ የርቀት ለውጥ አለ። እኔ የምቃወመው አለማቆምን አይደለም፤ በማይታወቅ መርፌና በዲክሎፌናክ አለማቆምን ነው።

ስለ ገበሬው ያሉት ደግሞ በእርግጥ ጉዳዩ ውስጥ የሚገባ ነው። ጅማቱ የተበጠሰ ሰው ተቀዶም ይሁን በጄሶ ታስሮ፣ በቅጡ እስኪራመድ ወራት፣ እስኪሮጥ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ይወስድበታል፤ ሳይታከም የቀረ ከሆነ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ያነክሳል። የባት ጉልበት የሌለው ሰው ዳገት አይወጣም፣ እርፍ ተጭኖ አያርስም፣ ቅዳሴ ቆሞ አያስቀድስም። ወንድምዬው ከሩጫ በኋላ የሚጠብቀው ኑሮ እርሻ ከሆነ፣ ዛሬ እየወጣ ያለው ወጪ ከዚያ ኑሮ ተቀንሶ ነው።


ከእንጅባራ

ብዙ የምጨምረው የለኝም። በየዓመቱ ጥር 23 በእኛ ዘንድ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ያረጁ ፈረሰኞች ለሰልፉ ይወጣሉ፤ ሕዝቡም በክብር ይቀበላቸዋል፤ «ለምን ከጎረምሶቹ እኩል አልጋለባችሁም» የሚላቸው የለም። የሩጫችን ችግር ላረጀ ሯጭ የሚሆን ቦታ አለማዘጋጀቱ ነው። ከ35 ዓመት በላይ ላሉት የአንጋፋዎች ውድድር በዓለም ደረጃ አለ፤ እኛ ጋ ግን ሰው ከ20 ዓመት ልጅ ጋር ካልተሰለፈ የሮጠ አይመስለውም።


ሰዓት ያዥ (ፍኖተ ሰላም)

የእንጅባራው ወንድማችን ያሉት ልክ ነው። ለጮቄ ሥርም አንድ ነገር ልበል። «ማንም አይወስንለት» ማለት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በገንዘብ ግፊት፣ በተሳሳተ ዕድሜና በተሰወረ ሕመም የተወሰነ ውሳኔ የራሱ ነው ለማለት ይከብደኛል። መጀመሪያ እውነቱ ይቅረብለት፤ ከዚያ ይወስን።

ማን ይንገረው ለሚለው፣ ታናሽ ወንድም አይደለም፤ ሐኪምም ብቻውን አይደለም። እኔ በሥራዬ ያየሁት፣ ሯጭ የሚሰማው አብሮት የሮጠን ሰው ነው። ክለብ አብሮት የነበረ፣ ያው ሕመም ኖሮበት ያቆመ ወይም ታክሞ የተመለሰ አንድ ጓደኛ አይጠፋም። እርሱን ፈልጉት፤ ሽማግሌ አትላኩ። ሽማግሌ ከተላከ ነገሩ የጠብ ይመስላል፤ ሰውየውም ለክብሩ ሲል እምቢ ይላል። አቀራረቡም «አቁም» መሆን የለበትም። «የሚቀጥለውን ውድድር እለፈውና ጅማቱን እናክመው» መባል አለበት፤ አንድ ውድድር መዝለል ማንንም አያዋርድም።


አባይ ማዶ (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለጮቄ ሥርም እንዲሁ፤ ክህደት የምትለዋ ቃል ከመጻፌ በፊት እኔንም ስትከነክነኝ የነበረች ናትና።

የአሠልጣኙን ምክር ተከትዬ የቀድሞ የክለብ ጓደኛውን አገኘሁት። እርሱና ወንድሜ በስልክ ሲያወሩ ከወንድሜ አጠገብ ነበርኩ፤ ረጅም ጊዜ ስለ ድሮ ውድድሮች ሲሣሣቁ ቆይተው በመጨረሻ ነው ወደ እግሩ የገቡት። ወንድሜ ለአሠልጣኙ ጥያቄ የሰጠው መልስ፣ ባለፈው ዓመት ከአሥር በላይ ውድድር መሮጡንና ፕሮግራሙን ራሱ እንደሚያወጣ ነው። የአካባቢያችን መንገድ እንደ ልብ ስለማያስኬድ ያመለጡትን ውድድሮች ለማካካስ የተገኘውን ሁሉ ይሮጣል። አሁን ለመታየት ተስማምቷል፤ ነገር ግን ሁለት ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። አንደኛ፣ ሙሉ በሙሉ ሩጫ ተው ካሉት እንደማይመለስላቸው፤ ሁለተኛ፣ የጥር ውድድር እንዳያመልጠው። ባለሙያው ለዚህ ምን ይላሉ? እህቴ የቢቸናዋስ፣ የአሠልጣኝነት ሥልጠናው ለወንድሜ ዓይነት ሰው ይሆናል?


የቢቸናዋ

ይሆናል። ትምህርት ቢያንስ ማንበብና መጻፍ የሚበቃበት የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጠና በየጊዜው ይሰጣል፤ የወረዳውን ወይም የዞኑን ስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ግን አሁን አትንገሩት። ከጅማቱ ጋር አብሮ ከቀረበለት «አስወጡኝ» ብሎ ነው የሚረዳው። ሲሻለው፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሦስት ልጆች ይዞ እንዲወጣ አድርጉት፤ በሌሎች ውድድር እንደ አሯሯጭ ግማሽ መንገድ መሮጥም ክፍያ ያለው ሥራ ነው፤ ወደፊት እርሱም አለ።


ባሕር ዳር ፊዚዮ

የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ አያስቸግርም። ለዚህ ሕመም ሙሉ ዕረፍት ሕክምና አይደለም፤ ጅማት የሚጠነክረው ቀስ በቀስ በሚጨመር ጫና ነው። የተለመደው ሥራ ደረጃ ላይ በጣቶች ቆሞ ተረከዝን ቀስ አድርጎ ከደረጃው በታች ማውረድ ነው፤ በአንድ ጊዜ 15 በሦስት ዙር፣ ጉልበት ቀጥ ብሎና ታጥፎ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። አሰልቺ ነው፤ ብዙ ሯጭ በአራተኛው ሳምንት ሕመሙ ሲቀል ይተወዋል፤ እንዳይተወው። በዚያ ጊዜ ሜዳ ላይ ለስላሳ ሩጫ ይፈቀዳል፤ ዳገትና ፍጥነት አይፈቀድም፤ መለኪያውም የማግሥቱ ጠዋት ነው። ጠዋት ሕመሙ ከትናንቱ ከባሰ የትናንቱ ሩጫ በዝቷል ማለት ነው። ወጌሻ ጋ ሄዶ ጅማቱን በኃይል ማሳሸትም ለጊዜው ይቅር።

ሁለተኛውን ግን መቀበል አልችልም። 12 ሳምንቱን ቆጥሩት፤ ጥር አይደርስም። የውድድር ምዝገባ የሚደረገው ቀኑ ስለደረሰ ሳይሆን፣ በታመመው እግር ብቻ ቆሞ፣ ግድግዳ በጣቱ ነክቶ ብቻ፣ ተረከዙን 25 ጊዜ ያለ ሕመም ከፍና ዝቅ ማድረግ ሲችል ነው። ጤነኛው እግር ይህን ስለሚያደርግ ልዩነቱን ራሱ ያየዋል፤ እኔ ልነግረው አያስፈልግም።

ሲመጣ የሚሮጥበትን ያረጀ ጫማ፣ ባለፈው ዓመት የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ማሸጊያ፣ ከተቻለም ስለ መርፌው ከክሊኒኩ የተጻፈ ነገር ይዞ ይምጣ፤ ካርዱ ላይ የመድኃኒቱን ስም የመጠየቅ መብት አለው። አልትራሳውንድ ስለሚያስፈልግ ለእርሱም ይዘጋጅ። እስከዚያው ድረስ እየሮጠ ሳለ ከኋላው ሰው እንደመታው ዓይነት ድንገተኛ ስሜት ከተሰማው፣ ወይም በጣቶቹ መቆም ካቃተው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ይሂድ፤ የተበጠሰ ጅማት ሳምንታት ከቆየ ሕክምናው በጣም ይከብዳል።